ዝናቡ ሐሙስ እንደሚመጣ አውቅ ነበር

ከረጅም ድርቅ በኋላ የመጀመሪያው ጠብታ ቆርቆሮ ላይ ሲያርፍ ደስ የማይለው ሰው የለም። እኔ ግን ደስ አይለኝም። ለምን እንደሆነ የሚያውቁት ጥቂት ሰዎች ናቸው። ዛሬ እናንተም እንድታውቁት ብዬ ነው የምጽፈው። አንብባችሁ ስትጨርሱ ብትፈርዱብኝ አልቀየማችሁም፤ እኔም በራሴ ላይ ከፈረድኩ ቆይቻለሁ።

ሂሩት እባላለሁ። ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ወላጆቼ ከሆሳዕና መጥተው ሚዛን ተፈሪ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚነግዱ ሰዎች ናቸው፤ ተወልጄ ያደግኩትም እዚያው ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የአየር ጠባይ ተማርኩና የመጀመሪያ ሥራዬን ያገኘሁት ከሚዛን ወደ ቱም በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች ትንሽ ከተማ፣ በአንዲት የአየር ሁኔታ መመዝገቢያ ጣቢያ ነበር። ጣቢያ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። በሽቦ የታጠረ ሜዳ፣ ነጭ ቀለም የተቀባ የሙቀት መለኪያ ሳጥን፣ የነፋስ መለኪያ፣ የዝናብ መለኪያና አንድ ክፍል ቢሮ፤ በቃ ይኸው ነው። ሠራተኛዋም እኔ ብቻ ነኝ። ሁልጊዜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የዘነበውን ለክቼ እመዘግባለሁ፣ ወደ አዲስ አበባ እልካለሁ። ከማዕከል ደግሞ በየአሥር ቀኑ ትንበያ ይመጣልኛል፤ እሱን አትሜ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሰሌዳ ላይ እለጥፋለሁ።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ገና ሳይገባ መጥፎ ወሬ መጣ። ፓስፊክ ውቅያኖስ ከልኩ በላይ ሞቋል ተባለ። ነገሩ ያለ ይህ አይገባችሁምና በአጭሩ ላስረዳችሁ። ያ ባሕር ሲሞቅ በላዩ ያለው አየር ወደ ላይ ይወጣል። አንድ ቦታ ላይ የወጣ አየር ሌላ ቦታ መውረዱ አይቀርም፤ ከሚወርድባቸው ቦታዎች አንዱ የእኛ ሰማይ ነው። የሚወርድ አየር ደግሞ ደመና እንዲያድግ አይፈቅድም፣ ይጫነዋል። በክረምት በጣም ከፍ ብሎ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሮጠው ብርቱ ነፋስም ይደክማል። እሱ ሲደክም፣ ከታች ከአትላንቲክና ከኮንጎ ጫካ በኩል እርጥበት ተሸክሞ የሚመጣልን ነፋስ አብሮት ጉልበት ያጣል። ብዙውን ጊዜ ይህ ክፉ የሚሆነው በሰሜንና በምሥራቅ ላሉት ነው። የእኛ ጫካ ያመልጣል። በዚያ ዓመት ግን አላመለጥንም።

ትንበያውን ሰሌዳ ላይ ስለጥፍ ሰው ስቆብኝ ነበር። «እዚህ አገር ዝናብ ይጠፋል? ይቺ ልጅ አብዳለች» አሉ። ሰኔ አልፎ ሐምሌ ሲጋመስ፣ የጎደሬው ቅጠል ሲጠቀለል፣ የቡናው ፍሬ ሳይሞላ ጠቁሮ ሲረግፍ ሳቁ ቀረና ሌላ ስም ወጣልኝ፤ ሟርተኛ። ሱቅ ስገባ ወሬ ይቋረጣል። አንዲት ሴት ልጇን ከአጠገቤ ሳብ አድርጋ ስትወስድ አይቻለሁ።

በዚያ ሁሉ መሃል ሁለት ሰዎች አልሸሹኝም።

አንዱ እጮኛዬ ደረጀ ነው። የከተማዋ ልጅ ነው። ቡና ይነግዳል፣ አንደበቱ የተባ ነው፣ ሰው ይወደዋል። ለመጪው ዓመት ትልቅ የቡና ማጠቢያ ለመክፈት ይሯሯጥ ነበር፤ ለዚያ ደግሞ በጋ ከክረምት የማይደርቅ ውሃ ያስፈልገዋል።

ሌላው አባባ ወልዶ ናቸው። ሰባ ዓመት የሞላቸው ገበሬ ናቸው፤ ከባለቤታቸው ከእማማ አማረች ጋር ከከተማዋ ወጣ ብሎ ካለው ዳገት ሥር ይኖራሉ። ልጃቸው ቴፒ ነው ያገባችው። ጓሯቸው ውስጥ ምንጭ አለ። ድሮ አባታቸው ዝናብ ሲዘገይ ሰው ማር ይዞ እየሄደ «ለምንልን» የሚላቸው ሰው ነበሩ አሉ። አባባ ወልዶ ግን ያንን ከተዉ ብዙ ጊዜ ሆኗቸዋል፤ እሁድ እሁድ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በፌስታል ጠቅልለው ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ሰው ናቸው። ያወቅኳቸው አንድ ቀን በሽቦው አጥር በኩል ቆመው የዝናብ መለኪያውን ሲያዩ ነው።

«ልጄ፣ ይህች ጣሳ ምን ትሠራለች?» አሉኝ።

አስገብቼ አሳየኋቸው። እንደ ልጅ ነው የገረማቸው። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣት ጀመሩ። እኔም ደስ ብሎኝ ከአንድ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ መለኪያ ሠራሁላቸው፤ በቀለም መስመር አሰመርኩበት፣ ጓሯቸው ውስጥ ግማሹን መሬት ቆፍረን ቀበርነው። የዘነበውን በአሮጌ ደብተር ይጽፋሉ። ፊደል የቆጠሩት በጎልማሳ ትምህርት ነው፤ ቁጥራቸው ትልልቅና ዘንበል ያለ ነበር። በዚያ ክረምት ደብተራቸው ላይ ከገጽ እስከ ገጽ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ ነበር።

አሁን ወደዚያች ሳምንት ልውሰዳችሁ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ የአሥር ቀኑ ትንበያ ስልኬ ላይ ገባ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከመካከለኛው አፍሪካ በኩል እርጥብ አየር ወደ እኛ እየገፋ ነው፤ ከሳምንቱ አጋማሽ በኋላ በደቡብ ምዕራብ ከባድ ዝናብ ይጠበቃል ይላል። ባሕሩ አልበረደም፣ ድርቁም አላበቃም፤ ግን በድርቅ መሃልም እንዲህ ያለ የጥቂት ቀን ቀዳዳ ይገኛል። ወጥቼ የነፋስ መለኪያውን አየሁ። ስንት ሳምንት ከምሥራቅ ሲነፍስ የከረመው ደረቅ ነፋስ ዞሯል። የአየሩ እርጥበትም ካለፈው ሐሙስ ጀምሮ ከፍ እያለ ነበር። ቁጭ ብዬ አሰላሁና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አልኩ ለራሴ።

ትንበያውን አትሜ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ወደ ቀበሌ ከመሄዴ በፊት ምሳ ቤት ከደረጀ ጋር ተገናኘሁ።

«ደሬ፣ ሊዘንብ ነው!» አልኩት ገና ሳልቀመጥ።

ጉርሻው አፉ ጋ ሳይደርስ ቆመ። «ማን አለ?»

«ማዕከል ብሏል። እኔም ነፋሱን አይቻለሁ። ሐሙስ ከሰዓት።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«በዚህ ሥራ ሙሉ በሙሉ እርግጠኛ መሆን የለም። ግን ጣቴ ላይ ያለውን ቀለበት አስይዛለሁ» አልኩት እየሳቅኩ።

እሱ አልሳቀም። ትንሽ ካሰበ በኋላ «ለማን ነገርሽ?» አለኝ።

«ለማንም። አሁን ልለጥፈው ነው።»

እጄን ያዘኝ። «አትለጥፊው። ስሚኝ ሂሩትዬ፤ ባለፈው ስትለጥፊ ሟርተኛ አሉሽ። አሁን ለጥፈሽ አንድ ቀን ቢዘገይ ደግሞ ውሸታም ይሉሻል። ረቡዕ የቀበሌው ስብሰባ አለ አይደል? እዚያ ሰው ሁሉ ባለበት እኔ እናገራለሁ። ሐሙስ ሲዘንብ፣ ይህን ያወቀችው ሂሩት ናት ብዬ ስምሽን አድሳለሁ። እስከዚያ በሁለታችን መካከል ይሁን።»

ትንበያ በደረሰበት ቀን መለጠፍ አለበት፤ የሥራችን ደንብ ነው። ግን ደስ አለኝ። ከሁለት ወር በኋላ ሰው ቀና ብሎ ሊያየኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ ቀረ።

ከሰዓት በኋላ አባባ ወልዶ እንደ ልማዳቸው መጡ። አቧራ ለብሰዋል። ሰላምታ እንደተለዋወጥን የጠየቁኝ እሱኑ ነው።

«ልጄ፣ ወረቀቱ መጣ?»

ቦርሳዬ ጠረጴዛው ላይ በመካከላችን ነበር።

«ገና ነው አባባ» አልኳቸው።

«አማረች ትንፋሿ ብሶባታል። አስሟ ከአቧራው ጋር አልስማማ አለ። ትንሽ እንኳ ጠብ ቢል ይሻላት ነበር።» ተነሱ። «በይ ደህና ዋይ። ሲመጣ ንገሪኝ።»

ሰኞ ዕለት የቤት አከራዬ እትዬ ጸዳለ ሱቋ ውስጥ ጠራችኝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አንቺ፣ ከዚያ ሽማግሌ ጋር አትታዪ» አለችኝ።

«ከየትኛው ሽማግሌ?»

«ከወልዶ። ዝናቡን የያዘው እሱ ነው እየተባለ ነው። ወንዙ ሲደርቅ የእሱ ምንጭ ለምን አልደረቀም?»

ከዳገት ሥር የሚወጣ ምንጭ ካለፉት ዓመታት ዝናብ ከመሬት ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ስለሆነ ቶሎ እንደማይደርቅ አስረዳኋት። ሰማችኝ፣ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ «ቢሆንም» አለችኝ። ያቺ «ቢሆንም» እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለች።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የቀበሌው ሜዳ ጢም ብሎ ሞላ። እኔ ከእትዬ ጸዳለ ጋር ከኋላ ቆሜ ደረጀ የሚነሳበትን ጊዜ በጉጉት እጠብቅ ነበር። ነጠላዬን አስተካክያለሁ። ስሜ ሲጠራ ሰው ዞሮ ያየኛል ብዬ እኮ ነው።

ተነሳ።

«ወገኖቼ፣ ሁላችሁም የምታውቁትን ነው የምናገረው» ብሎ ጀመረ። «ወንዛችን ደርቋል። ጉድጓዳችን ደርቋል። ያልደረቀ አንድ ውሃ አለ። የማን ነው?»

«የወልዶ!» አሉ ከፊት ያሉት ወጣቶች።

«አባቱ ማን ነበር?»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ዝናብ መለመን የሚያውቅ፣ ዝናብ መያዝም ያውቃል። ሰውየው ይነካ አልልም፤ እኔ ክርስቲያን ነኝ። ከመካከላችን ይውጣልን ነው የምለው። ነገ ጠዋት ይውጣ። እሱ ከወጣ ነገውኑ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ዝናብ ይጥላል። ካልጣለ እኔን አባሩኝ!»

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ፀሐይ ሳትጠልቅ። ከእኔ አፍ የወጣው «ሐሙስ ከሰዓት» ነበር፣ እዚያ ሜዳ ላይ በሌላ ሰው አንገት ላይ ገመድ ሆኖ የተጠመጠመው። ደረጀ ለምን እንዳደረገው ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም። ምንጩ።

አባባ ወልዶ ከሕዝቡ መካከል ወጥተው መሃል ላይ እንዲቆሙ ተደረገ። ወዲያው ሁለት ወጣቶች ከዳገቱ በኩል እየሮጡ መጡ። በእጃቸው አፈር የያዘች የወተት ቆርቆሮና አንድ አሮጌ ደብተር ነበር።

«ጓሮው ውስጥ ተቀብሮ ነው ያገኘነው!» አለ አንደኛው ከፍ አድርጎ እያሳየ። «ተመልከቱ፣ ምልክት አለበት!»

ሕዝቡ እንደ ንብ ጮኸ። የቀበሌው ሊቀመንበር ቆርቆሮዋን ተቀብሎ አገላብጦ አያት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«መለኪያ ነው» አሉ አባባ ወልዶ። «ዝናብ እለካበታለሁ።»

«ዝናብ የምትለካ አንተ ማን ነህ?» አለ አንድ ሰው ከኋላ። «ምን ያህል እንደያዝክ ነው የምትለካው!»

ሊቀመንበሩ ደብተሩን ገለጠ። «ይህ ሁሉ ዜሮስ?»

«ያልዘነበበት ቀን ነው።»

«ሰማችሁ!» አለ ያው ሰው። «በእያንዳንዷ ቀን እየጻፈ ነው የዘጋብን!»

«ማን ሰጠህ?» አለ ሊቀመንበሩ።

አባባ ወልዶ ቀና ብለው ሕዝቡን አዩ። ዓይናቸው ፈልጎ አገኘኝ። ለአንድ አፍታ ብቻ ነው ያዩኝ። ክንዴን የእትዬ ጸዳለ ጣቶች ጭምቅ አድርገው ያዙኝ። «ዝም በይ» አለችኝ በጆሮዬ። «አንቺ ሟርተኛ እየተባልሽ፣ ከተናገርሽ አብረው ነው የሚያቃጥሉሽ።»

እሳቸው ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አነሱ።

«ማንም አልሰጠኝም» አሉ። «ራሴ ነኝ የሠራሁት።»

እኔም ዝም አልኩ። አንባቢዎቼ፣ ስለ ፍርሃት ብዙ ልል እችል ነበር። ሕዝቡ ብዙ ነበር፣ ድንጋይ የያዙም ነበሩ። ግን ከዚያ ሁሉ በላይ አፌን የዘጋው ሌላ ነገር ነው፤ ከተናገርኩ ወረቀቱ ከቅዳሜ ጀምሮ ቦርሳዬ ውስጥ እንደነበር ይታወቃል። ያኔ ያሰብኩት ለራሴ ስም ነበር።

ሐሙስ ማለዳ፣ ገና አንድ ሰዓት ሲሆን፣ ትንበያውን ይዤ ወደ ቀበሌው ሮጥኩ። ሰሌዳው ላይ ለጠፍኩት። ሊቀመንበሩ ቢሮውን ሲከፍት ያዝኩት።

«ይኸው ያንብቡት! ዛሬ የሚዘንበው ነፋሱ ስለዞረ ነው። ሰውየው ቢሄዱም ባይሄዱም ይዘንባል። ደረጀ ይህን ከእኔ ሰምቶ ነው የተናገረው።»

ጎንበስ ብሎ አነበበ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ደክሞት ነበር። ከዚያ ቀና ብሎ የጠየቀኝ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው።

«ይህ ወረቀት እስከ ዛሬ የት ነበር?»

ቦርሳዬን ወደ ጎኔ ሳብኩ።

«ሁልጊዜ በመጣበት ቀን ትለጥፊ ነበር» አለ። «ይህን ግን ደረጀ ከተናገረ በኋላ ነው የምታመጪው። እጮኛሽ የተናገረውን ጽፈሽ ነው የሚሉሽ። እኔስ ምን ብዬ ላምንሽ?»

ዳገቱ ሥር ስደርስ ጣራው ላይ ሰዎች ነበሩ። ቆርቆሮውን እየነቀሉ ወደ ታች ይጥሉታል። እማማ አማረች ከቤቱ ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ደረታቸው እንደ ወናፍ ከፍ ዝቅ ይላል። አባባ ወልዶ ብርድ ልብስና አንዲት ድስት በገመድ ያስራሉ።

«ቆርቆሮዋን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ። «እኔ ነኝ የቀበርኩት! መለኪያ ነው! ዝናቡን እሳቸው አይደሉም የያዙት!»

አንዳንዶቹ ሥራቸውን አቁመው አዩኝ። ደረጀ ከመካከላቸው ወጣና ትከሻዬን አቀፈኝ።

«አትቀየሟት» አላቸው በለሰለሰ ድምፅ። «ልቧ ሩኅሩኅ ነው። ሽማግሌውን ለማዳን ብላ ነው በራሷ ላይ የምትመሰክረው።»

አንዲት ሴት «ወይ የእኔ እናት!» ብላ ከንፈሯን መጠጠች። ከሁለት ወር በኋላ ከሕዝቡ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ደግ ቃል ያ ነበር። ትከሻዬን መንጭቄ ከእጁ ወጣሁ፤ ሁለት ወጣቶች ግን በትሕትና፣ እንደ ታማሚ ይዘው ወደ መንገዱ መለሱኝ።

ባልና ሚስቱ በአጠገቤ አለፉ። እማማ አማረች ቆም አሉ። ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ «ከምንጬ አንድ ጣሳ ውሃ ልጠጣ ብላቸው ከለከሉኝ» አሉኝ። ቂም አልነበረበትም፤ የገረማቸው ይመስላል። ወደ ቱም በሚወስደው መንገድ ቁልቁል ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምዕራቡ ጠቆረ። መጀመሪያ ነፋሱ መጣ፣ አቧራውን አንስቶ ሜዳው ላይ አዞረው። ከዚያ ወፍራም ወፍራም ጠብታ። ከዚያ ሰማዩ ተቀደደ።

ሰው ሁሉ ከቤቱ ወጣ። ሴቶች እልል አሉ። ሽማግሌዎች ባርኔጣቸውን አውልቀው ራሳቸውን ለዝናቡ ሰጡ። ጣራ በሌለው የአባባ ወልዶ ቤት ውስጥ፣ መደቡ ላይ፣ ወጣቶች ጭቃ እስኪሆን ድረስ እንደጨፈሩ በኋላ ሰማሁ። ደረጀን ትከሻቸው ላይ አውጥተውት ነበር። እኔ የጣቢያዬ በር ላይ ቆሜ አየሁ። በሥራዬ እንደዚያ በትክክል የተነበይኩት ዝናብ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የለም።

ዝናቡ ሌሊቱን አላቋረጠም። አርብ ጎህ ሲቀድ ባጃጅ ይዤ ወጣሁ። ባጃጁ ጭቃው ውስጥ ሲሰምጥ ወርጄ በእግሬ ቀጠልኩ። በየመንገዱ ያሉትን ቤቶች ጠየቅኩ። «አዎ፣ አልፈዋል» አለችኝ አንዲት ሴት። «አሳድሩን ብለው ነበር። ዝናብ የያዘ ሰው ቤቴ አላስገባም አልኳቸው።» ሌላውም፣ ሦስተኛውም ቤት እንዲሁ አሉኝ። ወሬው ቀድሟቸው ሄዶ ነበር።

ያገኘኋቸው በአንድ የገበያ ቦታ ነው። የገበያ ቀን ስላልነበር ባዶ ነበር። ሳር ክዳኑ የተቦጫጨቀ ዳስ ሥር አባባ ወልዶ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ብርድ ልብሱ ከአጠገባቸው ተዘርግቷል፤ ከሥሩ የእማማ አማረች እግሮች ይታያሉ። ውሃው በሥራቸው ይፈስ ነበር።

ተንበርክኬ አለቀስኩ። የምለው ሁሉ ወጣ፤ ቅዳሜ፣ ወረቀቱ፣ ምሳ ቤቱ፣ ዝምታዬ። እሳቸው ዓይናቸውን ከብርድ ልብሱ ላይ ሳያነሱ ሰሙኝ። ስጨርስ ብርድ ልብሱን ሳብ አድርገው የእማማ አማረችን እግሮች ሸፈኑ። ከዚያ የተናገሩት ይህን ነው።

«ስንት ሆነ?»

«ምኑ አባባ?»

«የዘነበው።»

«አልለካሁም» አልኳቸው። ሦስት ሰዓት እያለፈ ነበር። ሥራ ከጀመርኩ በሰዓቱ ያልለካሁበት የመጀመሪያ ቀን ነው።

ፊታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጣ። «ሂጂ ለኪ! ከመቼ እስከ መቼ እንደዘነበ፣ ከየት እንደመጣ ጻፊ። ካልተጻፈ ዝናቡን ያመጡት እነሱ ሆነው ይቀራሉ። አማረችም በከንቱ...» አልጨረሱትም።

ሄድኩ። ለካሁ። ጻፍኩ። ከዚያ መኪና ለምኜ ይዤ ተመለስኩና አስከሬኑን ቴፒ ልጃቸው ዘንድ አደረስን። መንገዱን ሁሉ የብርድ ልብሱን ጫፍ ይዘው ሄዱ።

ደረጀን ያገኘሁት በማግስቱ ነው። ቀለበቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት።

«ሰው ገደልክ» አልኩት።

«እኔ ማንንም አልነካሁም» አለ። አልጮኸም፤ የቡና ናሙና በመዳፉ ይዞ እያየ ነበር። «ሐሙስ ይዘንባል ያልሽኝ አንቺ ነሽ። አትለጥፊው ስልሽ እሺ ያልሽውም አንቺ ነሽ። ፖሊስ ጋ እንሂድ ካልሽ እንሂድ፤ ሁለታችንም እንናገር።»

ፖሊስ ጋ ሄድኩ፤ ያለ እሱ። ስለ ቦርሳዬ ጭምር ሁሉንም ተናገርኩ። ጣራ ያፈረሱ ወጣቶች ለጥቂት ጊዜ ታስረው ተፈቱ። እኔን መሥሪያ ቤቴ በጽሑፍ አስጠነቀቀኝና ወደ ሚዛን አዛወረኝ። ደረጀን የነካው የለም፤ ስለ ዝናብ መናገር ወንጀል አይደለም። የእሱ ማጠቢያ ዛሬ በዚያ ምንጭ ውሃ ይሠራል። ከተማው ውስጥ ስለዚያ ክረምት ጠይቁ፤ «ወልዶ የወጣ ዕለት ዘነበ» ይሏችኋል። የሚያስከፋው ውሸት አለመሆኑ ነው፤ የዚያኑ ዕለት ዘንቧል።

ከወራት በኋላ አባባ ወልዶን ለመጠየቅ ቴፒ ሄድኩ። የልጃቸው ግቢ ውስጥ ወንበር አውጥተው አስቀመጡኝ፣ ሙዝ አቀረቡልኝ፣ ስለ ጤንነቴ ጠየቁኝ። ልሄድ ስነሳ እስከ በሩ ሸኙኝ።

«ልጄ፣ ይቅር ብዬሻለሁ» አሉኝ። «ግን ሁለተኛ አትምጪ። አንቺን ሳይ ያቺን ብርድ ልብስ ነው የማየው።»

አልሄድኩም። ከዓመት በኋላ ማረፋቸውን ሰማሁ፤ ለቅሶም አልደረስኩም። ያሉትን አከበርኩ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት የዝናብ ትንበያ የምትሠሩ አይደላችሁም። ግን ሌላው ያላወቀውን ቀድማችሁ የምታውቁበት ቀን ይመጣል፤ ስለ ሐኪም ውጤት፣ ስለ መሬት፣ ስለ ሥራ። እኔ ያኔ ያወቅኩት የእኔ ይመስለኝ ነበር፣ ስሜን የማድስበት። ዕውቀቴን ለአንድ ሰው ብቻ ነገርኩ፤ እሱም እንደ ቢላ ተጠቀመበት። አሁን ትንበያ ሲደርሰኝ ምሳዬን አልበላም። ሰሌዳ ላይ እለጥፋለሁ፣ ለቤተ ክርስቲያኑና ለመስጊዱ ሰዎች እደውላለሁ፣ ሚዛን ገበያ መሃል ድምፅ ማጉያ ይዤ አነባለሁ። ከሳቱብኝ ትንበያዎች የተነሳ የሚስቁብኝ አሉ። ይሳቁ።

ይህን የምጽፈው ዛሬ ያለ ምክንያት አይደለም። ዘንድሮም ያ ባሕር ሞቋል። ዝናቡ ዘግይቷል። ባለፈው ሳምንት ከሚዛን ራቅ ባለች አንዲት ቀበሌ ስለ ነፋሱና ስለ ደመናው ለሰው ሳስረዳ፣ አንድ ጎልማሳ እጁን አውጥቶ በቅን ልብ ጠየቀኝ፤ «ገባን፣ እናመሰግናለን። ግን የእኛን ማን ነው የያዘው?» ከጎኑ ያሉት ወደ አንድ አቅጣጫ አዩ። አቅጣጫውን ተከትዬ አየሁ። ብቻዋን የምትኖር አንዲት መበለት ነች፤ ጓሮዋ ውስጥ ያለው ጎደሬ እስካሁን አረንጓዴ ነው።

ዛሬ ጠዋት አዲሱ ትንበያ ገብቷል። እሁድ ይዘንባል ይላል። በየሰሌዳው ለጥፌዋለሁ፣ በገበያው አንብቤዋለሁ፤ ነገ ደግሞ ልብሴን ይዤ ወደዚያች ሴት ቤት እሄዳለሁ። ከፈቀደችልኝ እስከ ሰኞ አብሬያት እቀመጣለሁ። ዝናቡ ሲመጣ እሷ ቤቷ ውስጥ፣ ጣራዋ ሥር እንዳለች ሰው ሁሉ ይይ።